ፋሲካ እስኪያልፍ

ልጄ ጥላዋን የምትፈራ ነበረች። ይህን ለማጋነን አይደለም የምለው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ የገዛ ጥላዋ ይረዝምባትና ቀሚሴ ውስጥ ትሸጎጥ ነበር። አውራ ዶሮ ትፈራለች። የጭነት መኪና ጥሩምባ ትፈራለች። ዓሣ ልንገዛ ሐይቁ ዳር ስንወርድ፣ እነዚያን አባ ኮዳ የሚባሉ መላጣ ትልልቅ ወፎች ገና ከሩቅ ስታይ እግሯ አልሄድ ይላታል፤ አዝያት እየተመለስኩ ስንቴ በሽሮ ውለናል። ከሁሉ የባሰው ግን እንግዳ ሰው ነው። በር ከተንኳኳ አልጋ ሥር ናት። የእኛ አልጋ ይሁን የጎረቤት ለእሷ ልዩነት አልነበረውም፤ ብቻ የምትገባበት ጨለማ ይኑር እንጂ።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። «የማን ልጅ ሆንሽ አንቺ?» እላታለሁ። ዓይኗን ታንከራትታለች።

አባቷ ወደ ሰሜን ሲሄድ አራት ዓመት አልሞላትም። የመንግሥት እርሻ ሹፌር ነበር፤ አንድ ቀን ከነመኪናው ትፈለጋለህ ተባለና ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያየነው የእጅ ጽሑፉን ብቻ ነው። ሁዳዴ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ለፈቃድ የመጣ ወታደር ደብዳቤ አደረሰልኝ። ለዳግማይ ትንሣኤ አዲስ አበባ ይመጣል። ሦስት ቀን ብቻ ስለተፈቀደለት ሀዋሳ ድረስ መውረድ አይችልም። እኛ ሄደን አክስቱ ቤት እንድንጠብቀው፣ እሁድ ጠዋት ልጁን የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች ያሉበት የልጆች መጫወቻ እንደሚወስዳት ጽፏል። ከግርጌው ፈረስ ሥሎላታል። ሥዕል አያውቅበትም፤ ውሻ ይመስላል። ያንን ስላወቀ ነው መሰለኝ ከጎኑ «ይህ ፈረስ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ ሥር፣ ቀለሙ እያለቀበት፣ አንዲት መስመር፦ «ትፈራኝ ይሆን?»

ያቺ መስመር ናት ያሳበደችኝ። አውቃታለሁ ልጄን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞት አፋፍ ላይ የከረመ ሰው ለአንድ እሁድ ብሎ መጥቶ፣ ልጁ አልጋ ሥር ገብታ ስትንቀጠቀጥ ሊያያት ነው? ፈረሱ ላይ አውጥቷት ኡኡ ስትልበት ሕዝብ ሊሰበሰብ ነው? «አይሆንም!» አልኩ ብቻዬን። ሰባት ሳምንት አለኝ። በሰባት ሳምንት ይህችን ልጅ ሰው አደርጋታለሁ አልኩ።

መጀመሪያ በወሬ ጀመርኩ። ሥዕሉን እያሳየሁ ስለ ፈረሶቹ ነገርኳት።

«ይነክሳል?» አለችኝ።

«የእንጨት ነው፤ ምን ብሎ ይነክሳል?»

«እንጨት ከሆነ እንዴት ይዞራል?»

«መብራት ነው የሚያዞረው።»

ትንሽ አሰበች። «መብራት ሲጠፋስ?»

«ሲጠፋማ ይቆማል።»

«እኔ ላዩ ላይ እያለሁ?»

እዚህ ላይ ወሬው አበቃ። በተግባር መሆን አለበት አልኩና ከመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ ብስክሌት ለመንኩ። ሀዋሳ ሜዳ ናት፤ ያኔ ከሰዉ ሁሉ ግማሹ በብስክሌት ነበር የሚሄደው፤ የእኔ ልጅ ግን ከኋላ ወንበሩ ላይ ገና ሳስቀምጣት እንደሚታረድ ፍየል ጮኸች። ግቢው ዋርካ ላይ ዥዋዥዌ አሰርኩ፤ ገመዱን እንኳ አልነካም አለች። የጋሪ ፈረስ አጠገብ ወስጄ «ዳብሺው» ብላት ቀሚሷን አረጠበች። እኔም እጮኻለሁ፣ እሷም ትጮኻለች፤ የሠፈሩ ሰው መዝናኛ ሆንን።

እኔ ሥራ ስውል ልጄን የሚይዙልኝ ከአጥር ወዲያ ያሉት ጎረቤቴ አሮጊት ነበሩ፤ እማማ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ብስክሌቱን ይዤ ስታገል አይተው፣ «ተይ ልጄ፣ ልጅ በግድ አይደፍርም» አሉኝ።

«እማማ፣ እርስዎ ደግሞ! እሁዷ አንዲት ናት፤ ብታልፈኝ ከየት አመጣታለሁ?»

«እሱ ያውቃል» ብለው ወደ ሰማይ አዩ።

ሌላው ጣጣ የይለፍ ወረቀት ነበር። በዚያ ዘመን ከከተማ ለመውጣት የቀበሌ ማህተም ያለበት ወረቀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ኬላ ላይ ከአውቶቡስ ያወርዱሃል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሠርግ ቀሚሴን ሳይቀር እሱ ነው ያጠበበልኝ። ጥያቄዬን ሳቀርብ ፊቱ ፈካ። «ለባልሽማ! ምን ችግር አለው፣ ሆሳዕና ሲያልፍ ነይና ውሰጂ» አለኝ። መርቄው ወጣሁ።

ሆሳዕና አለፈ። በሰሙነ ሕማማቱ ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ልጄን ልወስድ እማማ ቤት ሄድኩ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጓዳ ገቡ። ጥርሳቸውን ያማቸው ስለነበር ያው ጥርሳቸው ነው አልኩ። ልጄ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አየችኝና፣

«እማዬ፣ ብስክሌቱ ላይ አውጪኝ» አለች።

እኔ ጆሮዬን አላመንኩም። አወጣኋት። ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ትንፍሽ ሳትል ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ድረስ ገፋኋት፣ መለስኳት። ሕማማት መሆኑን ረስቼ እልል አልኩ! በማግሥቱ ዥዋዥዌ። ቅዳሜ ጋሪ ላይ ወጣች፤ ባለጋሪው፣ የቱላ ሰው ነው፣ «ጎበዝ ሆነች እኮ!» ሲል እኔ እንደ ተሾመ ሰው ኮራሁ። ለእማማ «አዩ? በግድ አይደፍርም ሲሉኝ አልነበር?» አልኳቸው። ልጅቷን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ፀጉሯን ብቻ ዳበሱ።

ወረቀቱ ግን አልመጣም። ሐሙስ ብሄድ «ማህተሙ የለም»። ዓርብ «ማህተሙን የያዘው ሰው ስግደት ላይ ነው»። እሺ ይሁን፣ በዓሉ ይለፍ አልኩ።

ፋሲካን እንደዚያ ዓመት አክብሬ አላውቅም። ከየቤቱ ሥጋ መጣልን፣ ዳቦ መጣልን። ያልጠራኋቸው ሰዎች መጥተው ተቀመጡ፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ለባሌ ያጠብኩትን ሸሚዝ፣ ለልጄ ያሰፋሁትን ቀይ ቀሚስ እያወጣሁ አሳየኋቸው። «ያምራል» ይላሉ፤ ይነሣሉ፤ ይወጣሉ። ልጄ እንግዳ ሲገባ አልጋ ሥር አልገባችም። ጉልበቴን ተደግፋ ቁጭ አለች። እኔ ሞኟ፣ ልጄ ሰው ሆነችልኝ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ማክሰኞ ቀበሌ ሄድኩ። «ነገ»። ረቡዕ ሄድኩ። «ነገ»። ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩን የቀበሌው ሱቅ ደጃፍ፣ ስኳር ልትገዛ የተሰለፈች ሴት ሁሉ ፊት አገኘሁት። እግሩ ላይ ወደቅኩ። አነሣኝና «እስቲ ሰኞ ነይ» አለኝ። ሰኞ! ባሌ እሁድ መጥቶ የሚሄድ ሰው! ከዚያ ወዲያ አፌን የያዘው አልነበረም።

«ከመርፌ ተነሥተህ ማህተም ስለያዝክ ነው? የኔ ባል ጥይት ውስጥ ነው፣ አንተ ወንበር ታሞቃለህ! እንካ፣ ማህተምህን ዋጠው!»

በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ሰድቦ ቤቱ የሚገባ አልነበረም። እኔ ግን ገባሁ። ሰውዬው መሬት መሬት እያየ «እሺ እህቴ፣ እሺ» ብሎኝ ሄደ። አስደነገጥኩት አልኩ። ሰው እንዲህ ሲሰደብ ለምን ዝም ይላል ብሎ የሚጠይቅ ልብ አልነበረኝም። እኔ የሚታየኝ የሚዞር ፈረስ ብቻ ነበር።

ያለ ወረቀት እሄዳለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ባለጋሪው በኬላው ጀርባ በእርሻው መሐል መንገድ እንዳለ ነግሮኛል፤ ከወዲያ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚሄድ መኪና አይጠፋም። ዓርብ ጠዋት፣ ለማንም ሳልናገር፣ ሸሚዙንና ቀይ ቀሚሱን በቅርጫት አድርጌ ልጄን ጋሪ ላይ አወጣኋት። እንደ ለመደችው ዓይኗን ጨፍና ዘንጉን ያዘች።

ኬላውን በሩቁ ዞርነው። የታረሰው መሬት ሲያልቅ ባለጋሪው ፈረሱን አቆመ። «ከዚህ በእግር ነው። አስፋልቱ ያውና» አለኝ። ቅርጫቱን አወረድኩ። ልጄ ቅርጫቱን አየች።

«ልምምድ አይደለም?»

«ምን ልምምድ አለ! ዛሬ እውነቱ ነው። አባትሽ ጋ ነው የምንሄደው።»

ከጋሪው ዘላ ወረደችና ጎማውን በሁለት እጇ አቀፈች። «አልሄድም።» ያቺ ሰሞኑን ድምጿ የማይሰማ ልጅ! «አልሄድም! እንመለስ!» ጎተትኳት። ለመንኳት። ከረሜላ አወጣሁ። በአስፋልቱ ላይ አንድ አውቶቡስ አለፈ፤ እሱም ሲያልፍ የእኔም ትዕግሥት አለቀ። በጥፊ መታኋት። መታኋትና፣ እስከ ዛሬ አፌን የሚያነድደኝን ነገር ተናገርኩ፦

«ፈሪ! አባትሽ ለአንድ ቀን ብሎ ከእሳት ውስጥ ወጥቶ ይመጣል፣ አንቺ ፈረስ ትፈሪያለሽ! እንዳንቺ ያለች ልጅ ከሚኖረው ባይኖረው ይሻለው ነበር!»

አላለቀሰችም። ጉንጯ ላይ የጣቴ ምልክት ወጥቷል። ጎማውን እንዳቀፈች፣

«አባዬ እዚያ የለም» አለች።

«ማን አለሽ?»

«ሽማግሌዎቹ። እማማ ቤት የመጡት። ጓድ ሊቀመንበር ወረቀት ይዞ ነበር። አልጋ ሥር ነበርኩ። አባዬ ሞቷል አሉ። ከዚያ እማማ እግሬን አዩኝ። ፋሲካ እስኪያልፍ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ በዓል ይበላሽባታል፣ እኛ እንነግራታለን አሉኝ።»

ባለጋሪው ባርኔጣውን አወለቀና ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ።

መርዶ እንዲህ አይነገርም። እኛ ጋ መርዶ በዓል ይጠበቅለታል፣ ቀን ይመረጥለታል፤ ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ይመጣሉ፤ ከበስተኋላ ሴቶች ይቆማሉ፣ የምትወድቀዋን የሚይዝ እንዲኖር። ለእኔም ቀን ቆርጠውልኝ ኖሯል፤ ለሰኞ፣ ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግሥት። ሥጋው፣ ዳቦው፣ የማያልቀው እንግዳ፣ የሊቀመንበሩ ዝምታ፣ የእማማ ጥርስ፣ ሁሉም አንድ ነገር ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰማ ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ ቀረሁ። እኔና ያጠብኩት ሸሚዝ።

እዚያው ትልሙ ላይ ተቀመጥኩ። የምትይዘኝ ሴት አልነበረችም። ልጄ ጎማውን ለቃ መጣችና ነጠላዬን ያዘችኝ።

«ታዲያ ለምን ብስክሌቱ ላይ ወጣሽ?» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ጥያቄ አፌ ላይ የመጣው ይኸው ነበር።

«አንቺ ደስ ስለሚልሽ።»

«አልፈራሽም?»

«ፈርቻለሁ።»

ዘጠኝ ቀን። የስድስት ዓመት ልጅ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና የእኔን ደስታ ተሸክማ ዞረች፤ እኔ ደግሞ ፈሪ አልኳት። ጉንጯን ልዳብስ እጄን ስዘረጋ፣ ደግሜ የምመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች፤ ግን ከቦታዋ አልሸሸችም።

«እማዬ» አለች ዓይኗን እንደጨፈነች።

«ወይ እናቴ።»

«ፋሲካ አልፏል አይደል?»

«አልፏል።»

«እሺ፣ አሁን ማልቀስ ይቻላል?»