በኮቱ ኪስ የቀሩ ኪኒኖች

ባለቤቴ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነው፤ በወሬኛነቱ ደግሞ ከስፌቱም ይበልጥ ይታወቃል። ሃርት አታክ ጥሎት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ሐኪሙ ሁለታችንንም አስቀምጦ ነገረን። በተጎዳው የልቡ ክፍል ውስጥ ደም ረግቷል፤ ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ አደጋ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ደም ማቅጠኛ ኪኒን ይውጣል፣ በየሳምንቱ ደሙ ይመረመራል፣ በሦስተኛው ወር ልቡ በአልትራሳውንድ እንደገና ይታያል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ፣ ተራው የእኔ ሆነ» ብሎ ሐኪሙን አሳቀው።

በሁለተኛው ወር፣ እሑድ ቸርች ተቀምጠን ሳለ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«ተነስና መስክር እንጂ።»

«ልቤ ገና እኮ በአልትራሳውንድ አልታየም።»

«ከሞት መትረፍህስ?»

ተነሳ። እሱ ደግሞ አንዴ ከጀመረ ማቆም አያውቅም፤ ከመትረፉ ተነስቶ «ጌታ ልቤን ፈጽሞ ፈውሶታል» ላይ ደረሰ። ጉባኤው እልል አለ። እኔም እልል አልኩ፤ ኮርቼበት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ማታ ማታ እንግዳ አያጣም። ኪኒኑን እጁ ላይ አስቀምጥለትና ሻይ ላመጣ ጓዳ እገባለሁ። ስመለስ እጁ ባዶ ነው። የዋጠው ይመስለኛል። የደም ምርመራውንም «ሥራ በዛብኝ» እያለ ሁለት ሳምንት ዘለለ። ደህና ስለመሰለኝ አልጨቀጨቅኩትም።

አንድ ቀን ጠዋት ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየተከለ ሳለ ቀኝ እጁ ከነመርፌው ጭኑ ላይ ወደቀ። አፉ ተጣመመ። የረጋው ደም አንጎሉ ደርሶ ነበር።

ልብሱን ከሆስፒታል አምጥቼ ላጥብ ስል፣ ከኮቱ ኪስ ኪኒኖቹ ወጡ፤ አንዳንዶቹ ተፈርፍረዋል። ተፈወስኩ ብሎ መስክሮ፣ በሰው ፊት መድኃኒት መዋጥ አሳፍሮት ነው። ፓስተራችን ሲሰማ አለቀሰ። «መድኃኒቱን አቁም ያለው ማን ነው?» አለ። ማንም አላለውም፤ ይሉኝታ ነው። የጎሸመው ግን የእኔ ክርን ነው።

ሐኪሙ ጊዜ ጠብቆ ኪኒኑን እንደገና አስጀመረው። አሁን እንግዳ ኖረም አልኖረም አፉ ውስጥ አደርግለታለሁ፤ ሳይውጥ ከአጠገቡ አልነሳም። ከዚያ ሁሉ ወሬው የተረፈችው አንዲት ቃል ናት። ውኃ ልስጥህ ስለው «አሜን» ይላል። አመመህ ስለውም «አሜን» ነው። እንቢ ሲልም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «አሜን» ይላል።

ባለፈው ሰሞን ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ እግሩ ሥር ተቀመጥኩ። «ያን እሑድ መስክር ብዬ ያስነሳሁህ እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አሜን» አለኝ።

ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም።