ክትፎ የሚሸጠው ኮከብ

ኮከቤን ከመረጃ ስብስባችን አውጥተው ጣሉብኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ስሙን በራሴ እጅ የጻፍኩለት የመጀመሪያው ኮከብ እሱ ነበር።

በስደት አገር፣ ሁርሊንግሃም ሰፈር ካለው የመሥሪያ ቤታችን ጣሪያ ላይ የከዋክብትን ብርሃን በመሣሪያ እየበተንን፣ የእያንዳንዱን የቀለም መስመሮች ለተመራማሪዎች እናከማቻለን። የእኔው ኮከብ ላይ ግን የእሱ የማይመስል አንድ ደማቅ መስመር ትርፍ ተገኘ። በዕድሜ ልጄ የምትሆነው አለቃዬ መስመሩ የመጣው ከዚያ ነው ብላ፣ ከታች ያለውን የሐበሻ ሬስቶራንት መብራት አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ኮከብዎ ክትፎ ይሸጣል እንዴ?»

«ቢሸጥማ አንቺ ቀድመሽ በዱቤ ትበዪ ነበር!»

አንድ ምሽት የሰፈሩ መብራት ጠፋ። የሬስቶራንቱ ጄኔሬተር ሳይነሳ፣ መሣሪያችንን በባትሪ አሠርተን የኮከቡን ብርሃን ደግመን መዘገብን። ትርፉ መስመር የለም፤ ኮከቤ ግን ቁጭ ብሏል።

«መስመሩ የሬስቶራንቱ፣ ኮከቡ የእርስዎ» አለች አለቃዬ። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ለመስቀል ክትፎ ጋበዘችኝ። ኮከቤ ወደ ስብስቡ የተመለሰው በማግስቱ ነው።