በልጄ አፍ ላይ ያረፈው እጄ

ሥራዬ የሰው አፍ መሆን ነው። አሶሳ ያደግሁ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ፤ ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። በርታኛውን ማንጎ ሥር ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት፣ ዓረብኛውን ሱቅ ውስጥ ጨውና ሳሙና ስሸጥ ለቃቀምኩት። በእነዚሁ ቋንቋዎች ጾሬ በሚባለው የስደተኞች ካምፕ አስተርጓሚ ሆንኩ። ከጦርነት ሸሽተው ድንበር ተሻግረው የመጡ ሴቶች በወዲያ፣ ቃላቸውን ልትመዘግብ ከአዲስ አበባ የመጣች ጠያቂ በወዲህ፣ እኔ መሃል። ስገባ አንድ ሕግ ነገሩኝ፦ «ተናጋሪዋን ሆነሽ ተርጉሚ። ‹ቤቴ ተቃጠለ› ካለች አንቺም ‹ቤቴ ተቃጠለ› በይ።»

ይኼ ምን ያቅታል አልኩ። እኔ ተረት ስነግር ጅቡንም አህያዋንም ሆኜ ነው፤ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ስንቴ ቤቴ ተቃጠለ፣ ስንቴ ባሌን ቀበርኩ! ባሌ ጉባ፣ ግድቡ ላይ ነው የሚሠራው፤ በእረፍቱ ሲመጣ በሩ ላይ ሳየው እደነግጥ ጀመር። ቀብሬው ነበራ።

ቀስ በቀስ እንቅልፌ ሄደ። ጠዋት ገና ምንም ሳልነካ ደክሞኛል። እህል አይጥመኝም፣ ሳቅ አስጠላኝ፣ ተረቱም ነጠፈ። ልጄ «እማ፣ ከዚያስ ጅቡ?» ስትለኝ «ተኝቷል፣ ተዪው» እላታለሁ። ጎረቤቴ ደግሞ «ዓይን በልቶሽ ነው! አፍሽ አያርፍ፣ ማን ይተውሽ?» ትለኛለች።

ከሰማሁት ሁሉ ያልለቀቀኝ የአንዲት ወጣት እናት ቃል ነው። ሣር ውስጥ ተደብቀው ሳለ ታጣቂዎቹ ባጠገባቸው አለፉ። ሕፃኗ ልታለቅስ ስትል አፏን ያዘቻት። ሰዎቹ ሲርቁ እጇን አነሣች፤ ሕፃኗ ግን አልተነፈሰችም። «በዚህ እጄ» አለችኝ፣ ቀኝ እጇን ዘርግታ። እኔም የራሴን ቀኝ እጅ ዘርግቼ «በዚህ እጄ» አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ገበያ ወጣሁ። ቲማቲም እየመረጥን የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። የቀረውን ቁርጥራጩን ብቻ ነው የማስታውሰው። ልጄን ጎትቼ ከማገዶ ክምር ኋላ ወድቄያለሁ። ሰው ይስቃል፤ አንዱ «ጎማ ነው እናቴ፣ ጎማ!» ይላል። ከዚያ ጣቴን እሳት የላሰኝ መሰለኝ። ልጄ ነክሳኛለች። እጄ አፏንም አፍንጫዋንም ደፍኖ ነበር። ለቀቅኳት፤ እያሳላት አየችኝ። ዓይኗ የፈራው መኪናውን አልነበረም፤ እኔን ነው።

ከዚያ በኋላ መንገድ ስንሻገር እጇን ወደ ኋላ ትደብቃለች። እኔም እጄን ፈራሁት። እሷ ስትተኛ በረንዳ ላይ እወጣለሁ፤ ሸለብ ቢያደርገኝና እጄ የራሱን ሥራ ቢሠራስ?

ጤና ጣቢያ ሄጄ ለጤና መኮንኑ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። «ከኩላሊት በላይ ትንንሽ ዕጢዎች አሉ» አለኝ። «ስንደነግጥ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይለቃሉ፤ ሩጥ፣ ንቃ የሚል። ደህና ሰው ላይ ጠዋት ከፍ ይላል፣ ማታ ይወርዳል። ድንጋጤው በየቀኑ ሲሆን ግን ይህ ሥርዓት ይዛባል። እንቅልፍ ይጠፋል፤ እንቅልፍ ሲጠፋ ድንጋጤው ይብሳል። ሰው በሥራው ይዝላል፣ ድባቴም ይከተላል።»

«እኔ እኮ ወሬውን እንጂ ጥይቱን አልሰማሁም።»

«አንቺ ሆነሽ ስታወሪው ሰውነትሽ የማን እንደሆነ አያጣራም፣ እህቴ።»

«ኩላሊቴ ላይ የሰው ፍርሃት ሰፍሯል በለኛ! ሰፋሪ በሰፋሪ ላይ!» ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። የመጣሁበትን ጠየቅሁት። «ልጄን እገድላት ይሆን?»

ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ። «ስትነክስሽ ምን አደረግሽ?»

«ለቀቅኳት።»

«እንግዲያው ሰምተሻታል። ፈቃድ ውሰጂ፣ ለአእምሮ ጤና ነርሷም በየሳምንቱ እየመጣሽ ተናገሪ። አሁን ደግሞ የራስሽን።»

ፈቃድ ወሰድኩ። እንቅልፉ ግን ወዲያው ተመልሶ አልመጣም፤ ነርሷም አብሽሪ፣ ጊዜ ይፈልጋል አለችኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ፍራሽ ላይ ጋደም ብያለሁ፤ እጄን ከጀርባዬ ሥር ቀብሬዋለሁ። ልጄ መጥታ ጎትታ አወጣችውና የጥርሷን ጠባሳ ነካችው።

«ያማል?»

«አያምም።»

«ዋሸሽ።»

«እሺ፣ ትንሽ።»

መዳፌ ላይ ጭንቅላቷን አስቀመጠች። «ይዤዋለሁ» አለች፤ «አንቺ ተኚ።» ላወጣው ብሞክር ከበደኝ። እስኪደነዝዝ ሳላንቀሳቅሰው ቆየሁ።

ስነቃ ዝናቡ አባርቷል፤ እጄ ባዶ ነው። ልጄ የለችም። ዘልዬ ተነሣሁ፣ ነጠላ ጫማዬንም አላገኘሁት፣ በሩን በትከሻዬ ከፈትኩት።

በረንዳው ላይ የጎረቤት ልጆችን ሰብስባ፣ ያንን አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ፣ «ከዚያ ጅቡ ነቃ!» ትላለች።