አባ ኮዳዎቹ የሚበሉበት ግድግዳ

ሥዕል ማየት የፈለገ አዲስ አበባ ይሂድ ይሉኛል። እኔ ግን ከአዳማ ተነስቼ የምሄደው ሐይቁ ዳር ወዳለችው ባቱ ነው፤ አንድ አሳ ቤት ውስጥ ያለ ግድግዳ ለማየት።

ግድግዳው ላይ አባ ኮዳዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ሐይቁ ዳር የአሳ ትርፍራፊ ሲጠብቁ የሚውሉት እነዚያ መላጣ ወፎች። እዚህ ግን ሎሚ እየጨመቁ ይበላሉ። ሰዎች ደግሞ በሩ ላይ ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው፣ አጥንት እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። አንዱ ከረባት አስሯል። ሠዓሊውን የሚያውቅ የለም፤ መንገደኛ ነበር፣ ለምሳው ብሎ ሳለው ይባላል። ግጥም እጽፋለሁ፤ ያስተማረኝ ሰው የለም። ቀልድን ሳይስቁ መናገር እንደሚቻል ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት ስደርስ በሩ ላይ ሴራሚክ ተቆልሏል።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው የአሳ ቤቱን ባለቤት።

«ግድግዳው ሊለብስ ነዋ። ደንበኛ እየተቀየመኝ ነው። ሰው ከወፍ በታች ይሳላል እንዴ?»

«ከወፍ በታች ስንኖር ማን ተቀየመ?»

«ገጣሚ ነኝ ብለህ አትራቀቅብኝ። ትበላለህ ወይስ ትሄዳለህ?»

«እበላለሁ» ብዬ ወንበሬን ግድግዳው ሥር፣ በወፎቹ በኩል አስጠጋሁ። የሚበላን ሰው ከማዕድ ማስነሳት ነውር ነው፤ እትዬም ያን ነውር እንደማይደፍሩት አውቃለሁ። ጥብስ አሳ አዝዤ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀምኩ መብላት ጀመርኩ። ሴራሚክ የሚለጥፈው ሰው ሲሚንቶውን አቡክቶ አጠገቤ ቆመ።

«ወንድሜ፣ አሳውን ትበላዋለህ ወይስ ታነበዋለህ?»

«ሁለቱንም።»

ሳቀና ከሌላኛው ጫፍ ጀመረ። ይህን አላሰብኩም ነበር። ተሰልፈው የቆሙት ሰዎች በተራ ጠፉ። ተነስቼ ወደዚያ ብሄድ ወፎቹን አጣለሁ፤ ብቀመጥ ሰዎቹን። ተቀመጥኩ። ባለከረባቱ መጨረሻ ሄደ።

ሳህኔ ላይ አጥንት ብቻ ሲቀር እትዬ መጥተው ግድግዳውን ቀና ብለው አዩት።

«በቃ፣ ወፎቹ ባሉበት ይቆዩ። እነሱ ማንንም አያስቀይሙም» አሉ።

ወፎቹ ብቻቸውን ሲበሉ ግን ያ ሥዕል አይደለም፤ የአሳ ቤት ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ አሁንም እሄዳለሁ፤ እዚያው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አጠገቤ ለተቀመጠ ሁሉ ነጩን ሴራሚክ አሳየዋለሁ።

«እዚህ ሥር ሰዎች ቆመው አጥንት እየጠበቁ ነው» እለዋለሁ። «አንዱ ከረባት አስሯል።»

እትዬ ከጓዳ ሆነው «ጀመረው ደግሞ» ይላሉ። እሰማቸዋለሁ። ድምፄን ትንሽ ከፍ አድርጌ እቀጥላለሁ።