የመኮንኑ ትንሽ ፉርጎ

በጣሊያን ጊዜ መተማ ላይ ሰላይ ነህ ተብዬ ተያዝኩና ምሽጉ ውስጥ አንድ መኮንን ዘንድ አቀረቡኝ። መኮንኑ ከአገሩ በሳጥን ተፈታትቶ የመጣለትን ክንድ የማትሞላ የእንጨት ባቡር ፉርጎ ይገጣጥማል። ቀና ብሎም አላየኝ። ሁለቱን ግድግዳ በሙጫ አጣብቆ አንድ ነገር አለ።

«ሙጫው እስኪደርቅ ያዝልኝ ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው።

ያዝኩለት። እሱ የፉርጎዋን በር በቀጭን ብሩሽ እየቀባ አልፎ አልፎ ጣቶቼን ይመለከታል። በፍርሃት ደርቄ ቀረሁ። ላብ ዐይኔ ውስጥ ሲገባ እንኳ አልጠረግሁም።

በመጨረሻ ፉርጎዋን ተቀብሎኝ አገላብጦ አያት። አልተዛነፈችም።

«ሰላይ ቢሆን እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ልቀቁት ይላል» አለ አስተርጓሚው።

አርማጭሆ እንደገባሁ፣ ምሽጉ ውስጥ ያየኋቸውን መድፎች አንድ በአንድ ለላኩኝ አርበኞች ነገርኳቸው።