ዳይኖሰሮቹን ከአንደኛው ጀምሮ

አባዬን ስትሮክ ከመታው በኋላ የቀረችው አንዲት ቃል «ቦን» ናት። ሐኪሙ ቀኝ ጎኑ ቀስ በቀስ እንደሚመለስ ነግሮን ነበር፤ እውነትም እግሩ ተመለሰ፣ ከዘራውን ይዞ እስከ ግቢው በር ይሄዳል። አንደበቱ ግን እንደተያዘ ቀረ። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋል፣ በቀልድ ይስቃል። ሊመልስ አፉን ሲከፍት የምትወጣው ግን ያቺ «ጥሩ»፣ «እሺ» እንደማለት ያለች የፈረንሳይኛ ቃል ብቻ ናት። ሲጠማው ቦን። ሲናደድ ቦን። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣም ቦን። ዕድሜውን ሙሉ የባቡር መካኒክ ነበር፤ በድሬዳዋና በጅቡቲ መካከል ሲመላለስ ኖሯል፣ ፈረንሳይኛውንም ያገኘው ከዚያው ነው። አማርኛው፣ ሶማሊኛው፣ ኦሮምኛው ሁሉ ሄዶ ይቺ ለምን እንደቀረች ሐኪሙም አያውቅም።

እኔ የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ፣ ልብስ ፋብሪካ ነው። ጠዋት በሰርቪስ ሄጄ አመሻሽ ላይ እመለሳለሁ። በመሃል አባዬን የምታየው ጎረቤታችን ናት። ኤዶ እንላታለን፤ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ደግሞ ከአክስትም በላይ ሆናለች። ምሳውን ታበላዋለች፣ ታወራዋለች፣ ሲያስቸግራት ትቆጣዋለች። እኔ ግን ቤት ስገባ የምናገረው ይጠፋኛል። ዝም ካለ ሰው ጋር ዝም ማለት ይቀላል። እንዲህ ሆነን ስንቀመጥ ይናፍቀኝ ነበር። አጠገቤ ነው፣ ትከሻዬ ትከሻውን ይነካል፣ ግን ይናፍቀኛል።

ድምፁን ስልኬ ውስጥ ፈለግሁት። በየሠርጉ የተነሳው ቪዲዮ አለ፤ ሁሉንም ሙዚቃው ውጦታል። ያገኘሁት በስህተት የላከውን አንድ የድምፅ መልእክት ብቻ ነው። «ይሄ ነገር በምኑ ነው የሚጠፋው?» ይላል። ከዚያ ጉሮሮውን ይጠርግና ያበቃል። ሰርቪስ ውስጥ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ደጋግሜ እሰማዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ አዲስ የወጣ የዳይኖሰር ፊልም ማስታወቂያ ያሳያል። አባዬ ግራ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘርግቶ «ቦን! ቦን!» አለኝ። ወተት የፈለገ መስሎኝ ወደ ጓዳ ልሄድ ስል ቀሚሴን ያዘኝ። ዞር ብዬ ሳይ ያ ትልቁ፣ እጁ አጭር የሆነው፣ አፉን ከፍቶ ያገሳል። ያኔ ገባኝ።

ልጅ ሳለሁ እነዚህን ፊልሞች ወደ ሰፈራችን ያመጣቸው እሱ ነው። ከጅቡቲ ሲመለስ በቦርሳው ካሴት ይዞ ይመጣ ነበር፤ ፊልሙ በፈረንሳይኛ የተተረጎመ ነው። ከሰፈሩ የቪዲዮ ዴክ ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ልጁ ሁሉ ሳሎናችን ይሞላል። ኤዶም ታናሽ ልጇን አዝላ በሩ ላይ ትቆማለች። አባዬ በርጩማውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርጎ ይተረጉማል። ዳይኖሰሮቹን «የእንሽላሊት ቅድመ አያት» ነበር የሚላቸው። ግማሹን በአማርኛ፣ ለኤዶ ሲሆን በሶማሊኛ፣ የሚያስፈራው ቦታ ሲደርስ ደግሞ በኦሮምኛ። አንዳንዴ ፊልሙ ላይ ያለው ሰውዬ አፉን ሳይከፍት እሱ ቀድሞ ይናገርለታል።

ፊልሞቹ በተራ አልመጡም። መጀመሪያ ሁለተኛውን አመጣ፣ ቀጥሎ ሦስተኛውን። አንደኛው ሲመጣ ዴኩ ገና ከጅምሩ ካሴቱን በላው። ሁላችንም ስንጮህ አባዬ የተጨማደደውን ፊልም በእርሳስ እየጠመጠመ፣ «ዝም በሉ፣ እኔ አውቀዋለሁ» አለና አንደኛውን ከራሱ ነገረን። ደሴቱን፣ አጥሩን፣ ሽማግሌውን። እያየነው ነበር ማለት ይቻላል።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሁለተኛውን በዶርም ጓደኛዬ ላፕቶፕ በእንግሊዝኛ ሳየው ደነገጥኩ። ወዲያው ደወልኩለት።

«አባዬ! ያ መኪናው ውስጥ የነበረው ሰውዬ'ኮ ተበልቷል!»

«የቱ?»

«አንተ አምልጦ ዋሂል አክስቱ ቤት ገባ ያልከን!»

ሳቀ። ያንን ጎረቤት ሁሉ የሚሰማውን ሳቁን። «ታዲያ ያን ጊዜ ተበላ ብዬ ብነግራችሁ ማን ያስተኛችሁ ነበር?»

«በባህር መሃል ካለ ደሴት ድሬዳዋ አጠገብ ዋሂል ድረስ እንዴት ይመጣል?»

«በባቡር ነዋ፣ አቦ!»

ያን ጊዜ ነው እነዚያ ፊልሞች ውስጥ አባዬ አንድም ሰው እንዳልገደለ የገባኝ። ሁሉም በጓሮ ያመልጣሉ፣ ሁሉም አክስት አላቸው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ፍላሼን ይዤ ከዚራ ሰፈር ፊልም ወደምትጭነው ሴትዮ ሄድኩ።

«የዳይኖሰሩን ጫኝልኝ።»

«የትኛውን? ብዙ'ኮ ነው።»

«ሁሉንም። ከአንደኛው ጀምረሽ በተራ።»

«ለልጆችሽ ነው?»

«ለአባቴ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና መጫን ጀመረች።

እሑድ ከምሳ በኋላ ኤዶ ሳምቡሳ ይዛ መጣች። አባዬን ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩት፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ከፈትኩት። ዝም ብለን ማየት ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን አባዬ ስክሪኑን ሳይሆን እኔን እያየ መሆኑን ልብ አልኩ።

«ምን ፈልጎ ነው?» አልኳት ኤዶን።

«ንገሪው እንጂ!» አለች። «እኔስ እንግሊዝኛ የት አውቄ? ድሮ እሱ ይነግረን አልነበር?»

«አባዬ'ኮ ይገባዋል…»

«ይግባው አይግባው፣ ፊልም ዝም ብሎ ይታያል እንዴ?»

ጀመርኩ። ድምፄ ለራሴ አስጠላኝ። «እሱ... ሳይንቲስት ነው። አሁን ወደ ደሴቱ ሊሄዱ ነው።» የፋብሪካ ሪፖርት የማነብ ነው የምመስለው። አባዬ ግን ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። ዝናቡ መጣ፣ ደሴቱ ላይ መብራት ጠፋ፣ አጥሩ ሞተ፤ ያ ትልቁ ወጣ ሲባል የእኛም መብራት ድርግም አለ። ኤዶ «ወላሂ!» ብላ ጮኸች። አባዬ እያሳለው ሳቀ። ጨለማ እንኳ አልነበረም፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፤ ግን ሦስታችንም በሩን አየነው።

መብራቱ ተመልሶ ስንቀጥል አንዱ ሰው አለቀለት። እኔም ሳላስብ «በላው» አልኩ።

አባዬ ግራ እጁን አንስቶ የወንበሩን ክንድ መታው። «ቦን!» ቁጣ ነው። ግራ ገብቶኝ ፊልሙን አቆምኩት። ከእኔ ቀድሞ ለኤዶ ገባት።

«አይ አባዮ፣ እህቴ፣ ምን ነካሽ? ዋሂል ነው የሄደው በይ እንጂ!»

«ዋሂል ሄደ» አልኩ። ፊልሙን መልሼ አስነሳሁት። «አክስቱ ዘንድ።»

«ቦን» አለ አባዬ፤ አሁን በለሆሳስ ነው። ወደ ትራሱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ልማድ ሆነ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አባዬ ያስታውሳቸዋል፤ አንዳንዱ ቦታ ሊደርስ ሲል ክንዴን ነካ አድርጎ ያዘጋጀኛል። እኔ ደግሞ በልጅነቴ ከእሱ አፍ የሰማሁትን ፈልጌ ልደግመው እሞክራለሁ። ቃላቱን አገኛቸዋለሁ። አዝግሞ፣ አዝግሞ፣ ድንገት የሚፈጥንበትን ነገር ግን አልቻልኩበትም። ሲያስፈራራን ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር እንጂ አይጮህም። ይሄን እያወቅሁ እንኳ እኔ እጮሃለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ «አንተ ብትነግረን'ኮ!» አልኩት። እንዳልኩት ጸጸተኝ። እሱ ግን ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ ወደ ፊልሙ ጠቆመኝ።

በሦስተኛውና በአራተኛው ፊልም መካከል ብዙ ዓመት አለ። በዚያ መሃል አሮጌው ባቡር ቆመ፣ አባዬ ቤት ዋለ። ዴኩ ተበላሽቶ ልብስ ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ጌጥ ሆነ። እናቴ ታመመች፣ ሞተች። እኔ ተምሬ ተመለስኩ። አዲሱ ባቡር ሲመጣ ጣቢያው ከከተማ ውጪ ሆነና አባዬ አንድ ቀንም ሳይሄድበት ቀረ። ፊልሞቹ እንደገና መሠራታቸውን ሰምተን ነበር፤ ማናችንም አልፈለግናቸውም። የሰፈሩ ልጆች ተበትነዋል፤ አንዱ ሁርሶ ሠልጥኖ ወታደር ሆነ፣ ሌሎቹ ጅቡቲ፣ አዲስ አበባ። ለማን ይነገራል?

ስለዚህ አራተኛውን ስንከፍት ሦስታችንም አዲስ ነን። አባዬ ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም፤ ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። ያን ቀን አንዲት ሴት አውሬዎቹ በአየር እየተቀባበሉ ወሰዷት። አባዬ ዞሮ አየኝ። እኔም ሳልቸኩል፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እሷ ደግሞ እዚሁ ከተማው ዳር፣ መልካ ጀብዱ ጓደኛ አላት፤ በአየር ሄዳ እዚያ አረፈች» አልኩ። ትንፋሹ እስኪያጥረው ሳቀ። ኤዶ ውሃ ልታመጣለት ሮጠች። ስትመለስ እሱ እየሳቀ እኔ እያለቀስኩ አገኘችን። «ሁለታችሁም አብዳችኋል» ብላ ውሃውን ራሷ ጠጣችው።

በስድስተኛው ፊልም አንደኛው ላይ የነበሩት ሰዎች ይመለሳሉ። ይሄን አላወቅሁም ነበር። ከአንደኛው ጀምረን በተራ ስላየን ከጥቂት እሑዶች በፊት ወጣት ነበሩ፤ አሁን ጠጉራቸው ሸብቶ፣ የአንገታቸው ቆዳ ላልቶ ወጡ። አባዬ ከትራሱ ቀና አለ። ግራ እጁን ቀስ አድርጎ አነሳና የራሱን ሽበት ዳሰሰ።

«አረጁ፣ አይደል?» አለች ኤዶ። «እኛስ?»

አባዬ አፉን ከፈተ። ቦን ሊል መስሎኝ ነበር፤ አልነበረም። ከንፈሩ ሌላ ቅርጽ ያዘ፣ «ነ...» አለ። «ነ... ነ...» ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ፊልሙን አቆምኩት። ኤዶ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም እንድል ጠቆመችኝ። ጠበቅን። ውጪ ባጃጅ አለፈ፣ ሙአዚኑ ለአስር ሰዓቱ ሶላት ጠራ፣ እኛ አፉን እያየን ነው። የሆነ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ እንዳለ ይታያል። ነይ ሊል ነበር? ነበርን ሊል ነበር? ወይስ የእናቴን ስም? የእሷም ስም በዚያው ፊደል ይጀምራል። ከዚያ ፊቱ ተፈታ፣ እጁን ወደ ቴሌቪዥኑ አወዛወዘ፤ ቀጥይ ማለቱ ነው።

ቀጠልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ድምፅ ተመልሶ አልመጣም። ሐኪሙ ጥሩ ምልክት ነው ብሎኛል፣ መሞከሩ በራሱ። እኔ ግን ሊል የነበረውን ነው የምፈልገው። ሥራ ላይ ሸሚዝ እየፈተሽኩ በነ የሚጀምሩ ቃላት እደረድራለሁ።

ያ ማስታወቂያውን ያየነው ሰባተኛው የዘገየው ሴትዮዋ ጥራት ያለው ቅጂ እስኪመጣ ጠብቂ ስላለችኝ ነው። ሲመጣ አየነው፤ ሰዎቹ ሌሎች ናቸው፣ የሸበቱት የሉበትም። አባዬ መሃሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ኤዶ «አለቀ?» አለችኝ። አለቀ፣ ሌላ የለም አልኳት። ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ሳህኖቹን ሰበሰብኩ። ያን ሳምንት ፋብሪካ ውስጥ ልክ ሠርግ እንዳለፈበት ሰው ነበርኩ፤ የምጠብቀው ነገር አልነበረም።

በቀጣዩ እሑድ ምንም አላዘጋጀሁም። የአባዬን ሸሚዞች ግቢ ውስጥ ላጥብ ሳፋውን አወጣሁ። ኤዶ በሰዓቷ መጣች፤ እጇ ላይ የራሷ ፍላሽ አለ።

«ምንድነው?»

«የህንድ ነው። አንቺ እጠቢ፣ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።»

ኤዶ ከልጅነቷ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም እያየች ያደገች ሴት ናት፤ ህንድኛውን ከእኔ እንግሊዝኛ በተሻለ ትሰማለች። ገብታ ከፈተችው። ወዲያው በመስኮቱ ድምፅዋ ይሰማኝ ጀመር። ግማሹ ሶማሊኛ፣ ግማሹ አማርኛ፤ «ይኸው፣ ይቺ እናቱ መሆኗን አላወቀም፣ ምስኪን! አሁን ታየዋለህ...» ትላለች። ዘፈን ሲመጣ አብራ ታንጎራጉራለች። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ምን እንዳለች አልሰማሁም፣ አባዬ ግን ሳቀ።

ቧንቧውን ዘጋሁት። ቤታችን ውስጥ ሰው ለሰው ፊልም እየነገረ ነው። የእሱ ድምፅ አይደለም። ልገባ አሰብኩና እጄ አረፋ ስለነበር ተውኩት። ከመስኮቱ ሥር ትንሽ ቆምኩ፤ ከዚያ ሸሚዞቹን ጨምቄ፣ ኤዶን እየሰማሁ፣ ቀስ ብዬ አንድ በአንድ ገመዱ ላይ ሰቀልኳቸው። የመጨረሻውን ስሰቅል የመጀመሪያው ደርቆ ነበር።