ሚሊሜትር ሾክ ስትመርጥ

ሰፈራችን ውስጥ መነጽር የምትሠራው ሴት ስሟ ከተረሳ ቆይቷል፤ ሁላችንም «ሚሊሜትር» ነው የምንላት። ፍሬሙን አፍንጫዎ ላይ አስቀምጣ ግራና ቀኙን እስክታስተካክል ጢምዎ ያድጋል። አድርገውት ሲወጡ ግን የጎረቤትዎን ሐሳብ ሳይቀር ያነባሉ።

ይህች ጠንቃቃ ሴት በየቀኑ ሥራ የምትሄደው በቀይ የስፖርት መኪና ነው። መኪናዋ ከአስፋልቱ ጋር የተጣበቀች ስለሆነች ድመት እንኳ ሆዷን ሳትስብ ከሥሯ አታልፍም። ንጥረቱን የሚያለዝቡት ሾክ አብዞርበሮቿ ዘይታቸውን አፍስሰው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ አንድ ጉብታ ከዘለለች ሦስት መንገድ እስክታቋርጥ ስትነጥር ትቆያለች።

ለራሷ ቢሆን ግድ አልነበራትም፤ ጭንቋ አባቷ ናቸው። አርባ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ ጡረተኛ ሲሆኑ፣ አምና ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠግኗል። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን ለእንቅስቃሴ ሕክምና ካልመጡ ከምርኩዝ አይላቀቁም ብሏል። እሳቸው ግን ሰበብ አበዙ። አንድ ቀን «እግሬ ዛሬ ደህና ነው»፣ ሌላ ቀን «ሐኪሙ ደክሞታል፣ እስቲ ይረፍ»። ታክሲ ሲባሉ «እኔ? በማላውቀው ሹፌር?» ብለው ይኮሳተራሉ። ሚሊሜትር ገባት፤ የሚፈሩት ሕክምናውን ሳይሆን መንገዱን ነው።

መለዋወጫ ሱቅ ሄደች። ባለሱቁ መኪናዋን ሲያይ ዓይኑ በራ።

«እህቴ፣ ለዚች የሚሆነው የውድድር ሾክ ነው! ጎማዋ የክብሪት እንጨት ቢረግጥ ወገብሽ ያውቀዋል።»

«የተለኮሰ መሆን አለመሆኑንም?»

«እሱንም!»

«በል ለጠላትህ ሽጠው» ብላው ወጣች።

መካኒኳ «ምቾት ከፈለግሽ አልጋ ግዢ!» ብሎ አሾፈባት። ኋላ ግን አዘነላትና፣ አናቱ ላይ ማስተካከያ ብሎን ያለው ሾክ እንዳለ ነገራት፤ ብሎኑ በሃያ ደረጃ ከለስላሳ ወደ ጠንካራ ይዞራል። አራቱም ተገጠሙ። የቀረው ከሃያው የሚስማማውን መምረጥ ብቻ ነው።

አባቷን «አባዬ፣ መኪናዬ ሁኔታዋ አላማረኝም፣ ያላንተ ጆሮ የሚለየው የለም» ብላ አታለለቻቸው። እንዲህ ሲባል እምቢ የሚል ሹፌር ገና አልተወለደም። መጀመሪያ በጣም ለስላሳው ላይ አድርጋ ነዳች። መኪናዋ እንደ ጀልባ ዋለለች፣ የአባቷ ፊት ያልበሰለ ሎሚ መሰለ።

«እንዴት ነው?»

«ግሩም!»

አጠነከረችው። አሁን ደግሞ የበሩን እጀታ ሊነቅሉት ደረሱ።

«እንዴት ነው?»

«ግሩም ነው አልኩሽ እኮ!»

ሚሊሜትር ስንት ኩሩ ደንበኛ አይታለች! የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ፊደላት በቃሉ ሸምድዶ መጥቶ «አጥርቼ ነው የማየው» የሚላት ሞልቷል። ስለዚህ የደንበኛን አፍ አታምንም፤ ግንባሩን ነው የምታነበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙከራውን በሐኪም ቤቱ መንገድ አደረገችና ስለ መኪናው መጠየቅ ተወች። «አባዬ፣ እስቲ ያን እንቁላል ጭነህ ተራራ የወረድክበትን ንገረኝ» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ይጀምራሉ። ወሬው የተቋረጠበት ቦታ ሁሉ ያመማቸው ቦታ ነው። «ዳቦ ቤቱ ጋ ተቋረጠ። ትምህርት ቤቱ ጋ ሁለቴ» እያለች መዝግባ፣ ወርዳ ብሎኑን አንድ ደረጃ ታዞራለች። የፊቱን ለብቻ፣ የኋላውን ለብቻ።

መካኒኩ ይህን ሲሰማ «ሾኩን ሳይሆን ሽማግሌውን ነው እንዴ የምታስተካክለው?» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ አባቷን ይዛ ሐኪም ቤት ደርሶ መልስ አሥራ አንድ ጊዜ ሄደች።

በአሥራ ሁለተኛው ፊቱ ሰባት፣ ኋላው አምስት ላይ ነበር። አባትየው ዳቦ ቤቱን አለፉ። የትምህርት ቤቱን ጉብታዎች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አለፉ፤ ሃያ ሺህ የነበረው እንቁላል ስልሳ ሺህ ደርሷል፣ አንድም አልተሰበረም። ከዚያ ለጥ ባለው አስፋልት ላይ ድንገት ዝም አሉ።

ሚሊሜትር ደነገጠች። «አባዬ! አመመህ?»

«ምን ያመኛል! ያ ባለብስክሌት ቀደመን እኮ! የያዝሽው የስፖርት መኪና ነው ወይስ ጋሪ? ርገጪው እንጂ!»

ረገጠችው።

በቀጣዩ ቀጠሮ ሚሊሜትር ጫማዋን አስራ ሳትጨርስ ደጅ ላይ ክላክስ ጮኸ። አባቷ መኪናዋ ውስጥ ቀበቷቸውን አስረው ተቀምጠዋል፤ «ሐኪሙን ልታስጠብቂብኝ ነው!» እያሉ ለሁለተኛ ጊዜ ክላክሱን ተጫኑት።